ጅማ ሆናችሁ ፓይሳይድን ዴስክቶፕ ላይ መጫን፦ አንዴ ዳውንሎድ፣ ለብዙ ኮምፒውተር

ፓይተን የጀመሩ ልጆች ከቂጦ ፉርዲሳም ከሂርማታም ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ነው፣ ኮዱን ጽፌ ጨርሻለሁ ግን ጥቁሩ ስክሪን ላይ ጽሁፍ ብቻ ነው የሚወጣው፣ መስኮት ያለው በተን ያለው ፕሮግራም እንዴት ነው የሚሰራው ይሉኛል። መልሱ ፓይሳይድን የመሰለ የግራፊክስ ላይብረሪ፣ ማለትም መስኮትና በተን የሚሰራ ሰው ያዘጋጀው ኮድ፣ መጫን ነው። ችግሩ ኢንተርኔት ላይ የምታገኟቸው መመሪያዎች አብዛኞቹ አንድ መስመር ትዕዛዝ ሰጥተው በቃ ይሄው ነው ይላሉ፣ ያ የሚሰራው ኔቱ ለማይቆረጥበት መብራቱ ለማይጠፋበት ሰው ነው፣ እኛ ጋ ግን ዳውንሎዱ 80 ፐርሰንት ደርሶ ይቆማል፣ እንደገና ትጀምራላችሁ እንደገና ይቆማል፣ በመጨረሻ የዳታ ፓኬጁ አልቆ ምንም ሳይጫን ይቀራል። እኔ መጀመሪያ ጊዜ ሶስት ቀን የፈጀብኝ በዚህ ምክንያት ነው እንጂ ነገሩ ከባድ ሆኖ አይደለም። ስለዚህ እዚህ የማሳያችሁ ዳውንሎዱን አንዴ ብቻ አድርገን፣ ፍላሽ ላይ አስቀምጠን፣ ከዛ ያለ ኔት የፈለግነው ኮምፒውተር ላይ የምንጭንበትን መንገድ ነው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ፣ ትዕዛዞቹን እዚህ እንደሚነበቡ አድርጌ በኛ ፊደል ነው የጻፍኳቸው፣ ስትተይቧቸው ግን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው፣ በቃል እና በቃል መሃል አንድ ስፔስ። ፓይ ያልኩት ፒ እና ዋይ ሁለት ፊደል ብቻ ነው፣ ቬንቭ ያልኩት ደግሞ ቪ፣ ኢ፣ ኤን፣ ቪ አራት ፊደል ነው። አጭሯ ሰረዝ የመቀነስ ምልክቷ ናት።

የትኛውን ላይብረሪ እንምረጥ

ለፓይተን ብዙ አማራጭ አለ። ቲኪንተር ከፓይተን ጋር አብሮ ነው የሚመጣው፣ ዳውንሎድ የሚባል ነገር የለውም፣ ለልምምድ ብቻ ከሆነ እሱ ይበቃችኋል፣ እዚሁ ጋ ማቆም ትችላላችሁ። ለሰው የሚሰጥ፣ ቴብል ያለው፣ ፕሪንት የሚያደርግ ነገር መስራት ከፈለጋችሁ ግን ኪውት ይሻላል። ኪውት ኖርዌይ ውስጥ ትሮልቴክ የሚባል ድርጅት የሰራው፣ በፈረንጆቹ 1995 ለህዝብ የወጣ፣ በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈ ላይብረሪ ነው፣ ከፓይተን የምንጠራበት መንገድ ደግሞ ሁለት ነው፣ ፓይኪውት እና ፓይሳይድ። ኮዳቸው በጣም ይመሳሰላል፣ ልዩነቱ ላይሰንሱ ላይ ነው። ፓይኪውት ጂፒኤል ነው፣ ማለትም ኮዳችሁን ዘግታችሁ መሸጥ ከፈለጋችሁ ገንዘብ ከፍላችሁ የንግድ ላይሰንስ መግዛት አለባችሁ፣ ፓይሳይድ ግን ኤልጂፒኤል ስለሆነ የላይሰንሱን ግዴታ እስከጠበቃችሁ ድረስ የራሳችሁን ኮድ ሳትከፍቱ ለነጋዴ መሸጥ ትችላላችሁ። ጅማ ላይ ፕሮግራም ሰርቶ ሊበላ ያሰበ ልጅ ይሄን ከመጀመሪያው ማወቅ አለበት ብዬ ስለማምን ነው ፓይሳይድን የመረጥኩት።

ኮምፒውተራችሁን አስቀድማችሁ እዩት

ፓይሳይድ6 ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ይፈልጋል፣ 64 ቢት መሆን አለበት። የዊንዶውስ ምልክቷን እና አር ን አንድ ላይ ተጫኑና ዊንቨር ብላችሁ ጻፉ፣ ቨርዥኑን ያሳያችኋል፣ 10 ከሆነ 1809 ወይም ከዛ በላይ ይሁን። 64 ቢት መሆኑን ደግሞ ሴቲንግስ ውስጥ ሲስተም ከዛ አባውት ላይ ታገኙታላችሁ።

ዊንዶውስ 7 ያላቸው ብዙ ናችሁ አውቃለሁ፣ በየቢሮው በየኢንተርኔት ቤቱ ያሉት አሮጌ ዴስክቶፖች አሁንም እሱ ላይ ናቸው። ተስፋ አትቁረጡ፣ ለእናንተ ፓይተን 3.8 እና ፓይሳይድ2 ነው የሚሆነው፣ ከ3.9 ጀምሮ ያለው ፓይተን ዊንዶውስ 7 ላይ አይጫንም። ፓይሳይድ2 ለ32 ቢትም አለው። ከዚህ በታች ያለው አካሄድ ያው ነው፣ ስሙን ብቻ ትቀይራላችሁ፣ ፓይሳይድ6-ኤሴንሻልስ በሚለው ፋንታ ፓይሳይድ2፣ ሺቦከን6 በሚለው ፋንታ ሺቦከን2።

ፓይተንን መጫን

ከፓይተን ዶት ኦርግ 64 ቢቱን የዊንዶውስ ኢንስቶለር አውርዱ፣ 30 ሜጋ እንኳን አይሞላም። እዚህ ጋ ምክሬ ትናንት የወጣውን ቨርዥን አትውሰዱ ነው፣ ከሱ አንድ ደረጃ ዝቅ ያለውን ውሰዱ። ፓይሳይድ ለአዲስ ፓይተን እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል፣ እስከዛ ግን «ኖ ማቺንግ ዲስትሪቢዩሽን ፋውንድ» የሚል ቀይ ጽሁፍ ይመጣባችኋል፣ ብዙ ልጆች ይሄን አይተው ኔቱ ነው የከለከለኝ ብለው ያስባሉ፣ ብዙ ጊዜ ግን አይደለም፣ ወይ ፓይተኑ በጣም አዲስ ነው ወይ 32 ቢት ነው።

ኢንስቶለሩ ሲከፈት መጀመሪያ ገጽ ላይ ታች «አድ ፓይተን ቱ ፓዝ» የምትል ትንሽ ሳጥን አለች፣ ቲክ አድርጓት። እሷን የረሳ ሰው በኋላ ፓይተን ብሎ ሲጽፍ የማይክሮሶፍት ስቶር ነው የሚከፈትበት። የኢንስቶለሩን ፋይል አትሰርዙት፣ ፍላሹ ላይ አስቀምጡት።

ዳውንሎዱ፣ ዋናው ነገር

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፣ ፓይሳይድ6 ብላችሁ ስታዙ የሚወርደው አንድ ነገር አይደለም፣ ሶስት ነው፣ ኤሴንሻልስ፣ አዶንስ እና ኪውትን ከፓይተን ጋር የሚያገናኘው ሺቦከን6። አዶንስ የሚባለው ብቻውን ከመቶ ሜጋ በላይ ነው፣ ውስጡ የዌብ ብራውዘር ሞተር፣ ስሪዲ፣ ቻርት፣ ቪዲዮ ምናምን ነው ያለው፣ ለጀማሪ አያስፈልግም። መስኮቱ፣ በተኑ፣ ቴብሉ፣ ዳታቤዙ፣ ፕሪንቱ ሁሉ ያለው ኤሴንሻልስ ውስጥ ነው፣ እሱ ደግሞ ከመቶ ሜጋ በታች ነው። ስለዚህ ግማሽ የሚበልጠውን ዳታ ገና ሳትጀምሩ ማትረፍ ትችላላችሁ፣ እኔ ይሄን ያወቅኩት ሁለት ፓኬጅ ካቃጠልኩ በኋላ ነው።

ኔት ያለው ቦታ ላይ፣ ካምፓስም ይሁን ጓደኛ ቤት፣ ፍላሹን ሰክታችሁ ኪውት የሚባል ፎልደር በእንግሊዝኛ ፊደል ፍጠሩበት። ከዛ ኮማንድ ፕሮምት (ትዕዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁሩን ስክሪን) ከፍታችሁ፦

ፓይ -ኤም ፒፕ ዳውንሎድ ፓይሳይድ6-ኤሴንሻልስ -ዲ ዲ:\ኪውት

የመጨረሻው ዲ የፍላሹ ፊደል ነው፣ የእናንተ ኢ ወይ ኤፍ ከሆነ እሱን አድርጉ። ፒፕ ከፓይተን ጋር አብሮ የሚመጣ ላይብረሪ አውራጅና ጫኚ ነው። ይሄ ትዕዛዝ ምንም አይጭንም፣ ፋይሉን ብቻ ያወርዳል፣ ሺቦከን6ንም ራሱ ጨምሮ ያወርደዋል። ኔቱ የሚያንቀራፍ ከሆነ መጨረሻው ላይ --ታይምአውት 100 ጨምሩበት፣ ፒፕ በራሱ 15 ሰከንድ ብቻ ነው የሚጠብቀው።

ቆየት ያለ ፒፕ ግን መሃል ላይ ሲቆረጥ ካቆመበት አይቀጥልም፣ ከዜሮ ነው የሚጀምረው። እንደዛ ካስቸገራችሁ ፒፕን ተዉት። ብራውዘር ላይ የፓይተን ላይብረሪዎች የሚቀመጡበት ፓይፒአይ ዶት ኦርግ ገብታችሁ ፓይሳይድ6-ኤሴንሻልስ ብላችሁ ፈልጉ፣ ዳውንሎድ ፋይልስ የሚለውን ስትነኩ ዝርዝር ይመጣል፣ ከነሱ ውስጥ ስሙ በ«ዊን ኤኤምዲ64» የሚያልቀውን ውሰዱ። ኤኤምዲ የሚለውን አይታችሁ የኔ ኢንቴል ነው ብላችሁ አትለፉት፣ 64 ቢት ለማለት ነው፣ ለኢንቴልም ያው ነው። በአይዲኤም ወይም በሌላ ዳውንሎድ ማኔጀር አስጀምሩት፣ መብራት ቢጠፋ እንኳን ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል፣ የሌሊት ፓኬጅ ገዝታችሁ ተኝታችሁም መተው ትችላላችሁ። በዚህ መንገድ ከሄዳችሁ ሺቦከን6ን ለብቻው ማውረድ እንዳትረሱ፣ የሁለቱ ቨርዥን ደግሞ እስከ መጨረሻው ቁጥር ድረስ አንድ መሆን አለበት፣ አንዱ 6.8.1 ሌላው 6.8.2 ከሆነ አይሰራም።

ፋይሉን ከሰው ፍላሽ ከተቀበላችሁ በሾርትከት ቫይረስ የተበላሸ ወይም ሳያልቅ የተገለበጠ ሊሆን ስለሚችል አረጋግጡ። ሰርትዩቲል -ሃሽፋይል ብላችሁ የፋይሉን ስም እና ሻ256 ስትጽፉ አንድ ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር ያወጣል፣ ፓይፒአይ ላይ ካለው ጋር አንድ ከሆነ ፋይሉ ሙሉ ነው። ገጹን በስልክ መክፈት ይበቃል፣ ለዚህ ብዙ ዳታ አይፈጅም።

ያለ ኔት መጫን

አሁን ቤታችሁ ናችሁ፣ ኔት የለም እንበል። ሲ ላይ ፕሮጀክት የሚባል ፎልደር ፍጠሩ፣ ስሙ በእንግሊዝኛ ፊደል ይሁን፣ የኮምፒውተሩ የዩዘር ስም በአማርኛ ከሆነ በተለይ ዴስክቶፕ ላይ ወይ ዶክዩመንትስ ውስጥ አትስሩ፣ መንገዱ ውስጥ የእኛ ፊደል ሲገባ አንዳንዴ ኪውት የራሱን ፋይል አያገኝም። ኮማንድ ፕሮምት ላይ ሲዲ ሲ:\ፕሮጀክት ብላችሁ ገብታችሁ፦

ፓይ -ኤም ቬንቭ ቡና

ይሄ ቡና የሚባል ለብቻው የሆነ የፓይተን ቤት ይሰራላችኋል፣ ነገ አንድ ነገር ቢበላሽ ፎልደሩን አጥፍቶ እንደገና መስራት ነው፣ ዋናው ፓይተን አይነካም። ከዛ ግቡበት፦

ቡና\ስክሪፕትስ\አክቲቬት

መስመሩ መጀመሪያ ላይ በቅንፍ ውስጥ ቡና የሚል ከመጣ ገብታችኋል። ሰማያዊው ፓወርሼል ውስጥ ሆናችሁ «ራኒንግ ስክሪፕትስ ኢዝ ዲሴብልድ» ካላችሁ ሌላ ነገር ሳትነካኩ ወደ ጥቁሩ ኮማንድ ፕሮምት ሂዱ። ከዛ፦

ፓይተን -ኤም ፒፕ ኢንስቶል --ኖ-ኢንዴክስ --ፋይንድ-ሊንክስ ዲ:\ኪውት ፓይሳይድ6-ኤሴንሻልስ

ኖ-ኢንዴክስ ማለት ኔት ላይ አትፈልግ ማለት ነው፣ ፋይንድ-ሊንክስ ደግሞ እዚህ ፎልደር ውስጥ ፈልግ። ሃርድ ዲስኩ አሮጌ ከሆነ ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል፣ ዩፒኤስ ከሌላችሁ ደግሞ ሰማዩ እየነጎደ ባይሆን ይመረጣል፣ የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ። መሃል ላይ መብራት ከሄደ የቡና ፎልደሩን ሰርዛችሁ ከቬንቩ ጀምሩ፣ ፍላሹ ላይ ስላለ ምንም ዳታ አይባክንም።

መጫኑን ለማየት ፓይተን ብላችሁ ግቡና ኢምፖርት ፓይሳይድ6 በሉ። ፒፕ ካፒታል ይሁን ስሞል ግድ የለውም፣ ኢምፖርት ላይ ግን ፒ እና ኤስ ካፒታል መሆን አለባቸው፣ ሌላው ስሞል። ምንም ሳይናገር ወደ ሚቀጥለው መስመር ከሄደ ተጭኗል።

የመጀመሪያው መስኮት

ቪኤስ ኮድ ለማውረድ አትጨነቁ፣ ቬንቩ ውስጥ ሆናችሁ ፓይተን -ኤም አይድልሊብ ስትሉ ከፓይተን ጋር የመጣው ኤዲተር ይከፈታል፣ ለመጀመሪያ ይበቃል። ፋይሉን ስታስቀምጡ ግን ስሙን ፓይሳይድ6 እንዳትሉት፣ ፓይተን ላይብረሪውን ትቶ የእናንተን ፋይል ነው የሚያመጣው።

ለምሳሌ የምሰራው እኔ ለጎረቤቴ የሰራሁለትን ነው፣ ጀንፈል (ከነቅርፊቱ የደረቀ ቡና) የሚሰበስብ ሰው ነው፣ ሚዛኑ በኪሎ ነው የሚናገረው፣ ዋጋው ግን በፈረሱላ ነው የሚነገረው፣ አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። ድሮ በካልኩሌተር እያካፈለ ደብተር ላይ ይጽፍ ነበር፣ ህዳርና ታህሳስ ላይ ገበሬው ሲሰለፍ ይሳሳታል፣ ስህተቱ ደግሞ የገበሬው ብር ነው።

ከፓይሳይድ6 ዶት ኪውትዊጄትስ ውስጥ ስድስት ነገር ኢምፖርት ታደርጋላችሁ፣ ኪውአፕሊኬሽን፣ ኪውዊጄት፣ ኪውቪቦክስሌይአውት (ከላይ ወደ ታች የሚደረድረው)፣ ኪውሌብል (ጽሁፍ የሚታይበት)፣ ኪውደብልስፒንቦክስ (ቁጥር የሚገባበት ሳጥን)፣ ኪውፑሽበተን። መጀመሪያ ኪውአፕሊኬሽኑን ትፈጥራላችሁ፣ እሱ ሳይኖር መስኮት ከፈጠራችሁ ፕሮግራሙ ወዲያው ይሞታል። ቀጥሎ ኪውዊጄቱ መስኮቱ ነው፣ ሌይአውቱን እሱ ላይ ታደርጉና ስፒንቦክሱን፣ በተኑን፣ ሌብሉን በአድዊጄት አንድ በአንድ ትደረድራላችሁ። በተኑ ሲነካ የሚሰራ ፈንክሽን ትጽፋላችሁ፣ ውስጡ ስፒንቦክሱን በቫልዩ አንብባችሁ ኪሎ በሚባል ቫሪያብል ታስቀምጡና፦

ፈረሱላ = ኪሎ / 17

ይሄን መስመር ልክ እንዳያችሁት በአማርኛ ፊደል መጻፍ ትችላላችሁ። ፓይተን 3 የቫሪያብል ስም በእኛ ፊደል ይቀበላል፣ ለትናንሽ ልጆች ሳስተምር እንደዚህ ነው የማደርገው፣ ሃሳቡ ቶሎ ይገባቸዋል። ውጤቱን በሴትቴክስት ሌብሉ ላይ ታስቀምጣላችሁ፣ መስኮቱን ሾው ትሉታላችሁ፣ መጨረሻ ላይ ኤግዜክ። ፓይሳይድ2 ላይ ያላችሁ ኤግዜክ ካላችሁ በኋላ የታች ሰረዝ ጨምሩበት።

እዚህ ጋ ሁለት ቦታ ትወድቃላችሁ፣ ሁሉም ሰው ይወድቃል። አንደኛው በተኑን ከፈንክሽኑ ጋር በክሊክድ ዶት ኮኔክት ስታገናኙ የፈንክሽኑን ስም ብቻ ስጡ፣ ቅንፉን ከጨመራችሁ ገና ሳትነኩት አንዴ ይሰራል፣ በተኑ ግን ከፈንክሽኑ ጋር አይገናኝም። ሁለተኛው ኪውደብልስፒንቦክስ ሳትነግሩት ትልቁ ቁጥሩ 99.99 ነው፣ ጎረቤቴ 340 ኪሎ ሊጽፍ ሲል ሶስተኛዋ ቁጥር አልገባ ብላ እኔ ኪቦርዱ ነው ብዬ ስፈትሽ ነበር፣ መፍትሄው ሴትማክሲመም ብሎ 100000 መስጠት ነው።

ቁጥሩን በጽሁፍ ሳጥን መቀበል የምትፈልጉ ካላችሁ ደግሞ ይሄን እወቁ፣ የግዕዝ ቁጥር ፩ ፪ ፫ ሲጻፍ ፓይተን ኢዝዲጂት ብላችሁ ስትጠይቁት አዎ ቁጥር ነው ይላችኋል፣ ኢንት ስትሉት ግን ኤረር ይሰጣል። ስፒንቦክስ የመረጥኩት ለዚህም ጭምር ነው።

አማርኛው በትክክል እንዲወጣ

ይሄን ለመጨረሻ አትተዉት፣ ከመጀመሪያው ቀን ሌብሉ ላይ «ፈረሱላ» ብላችሁ ጽፋችሁ እዩ። ኪውት ራሱ በዩኒኮድ (ለሁሉም ቋንቋ ፊደል የጋራ ቁጥር በሚሰጠው አሰራር) ነው የሚሰራው፣ የእኛ ፊደል ደግሞ ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ከ1999 ጀምሮ ነው፣ ስለዚህ ላይብረሪው ላይ ችግር የለም፣ ባዶ ሳጥን ከታያችሁ የጎደለው ፎንት ነው። ዊንዶውስ 10 ላይ ኤብሪማ አብሮ አለ፣ ኒያላን የለመደ ሰው ከኦፕሽናል ፊቸርስ ውስጥ መጨመር ይችላል። እኔ ግን ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ከፕሮግራሙ ፎልደር ውስጥ አድርጌ በኪውፎንትዳታቤዝ አድአፕሊኬሽንፎንት እጭነዋለሁ፣ እንደዛ ሲሆን የሄደበት ኮምፒውተር ሁሉ ላይ አንድ አይነት ይታያል። በድሮው የፓወር ግዕዝ ፎንት የተጻፈ ጽሁፍ ኮፒ አድርጋችሁ ስታመጡ የተዘበራረቀ የእንግሊዝኛ ምልክት ከሆነባችሁ ጽሁፉ ዩኒኮድ ስላልሆነ ነው፣ እንደገና መጻፍ ወይ መቀየር አለበት።

ቀን ላይም ተጠንቀቁ። ኪውት የጎርጎርዮስ፣ የጁሊያን፣ የኢራኑን ጃላሊ፣ የእስልምናውንም ካላንደር ያውቃል፣ የእኛን ግን አያውቅም። ስለዚህ ኪውዴትኤዲት ላይ ጳጉሜን ብትፈልጉ አታገኙም። እኔ ቀን፣ ወርና ዓመት ብዬ ሶስት ሳጥን ነው ያደረግኩት፣ ወሩ 13 ሲሆን የቀኑ ጣሪያ 5፣ ጳጉሜ 6 በሚሆንበት ዓመት 6 ይሆናል።

ሌሎች የሚያጋጥሙ ኤረሮች

«ዲኤልኤል ሎድ ፌልድ» ካለ ብዙ ጊዜ ዊንዶውሱ አሮጌ ነው፣ ወይም የማይክሮሶፍት ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ ሪዲስትሪቢዩተብል የለም፣ የቅርቡን 64 ቢት ጫኑ። «ኖ ሞጁል ኔምድ ፓይሳይድ6» ካለ አልተጫነም ማለት ላይሆን ይችላል፣ አክቲቬት ሳታደርጉ ከቬንቩ ውጪ ሆናችሁ ነው የምታስጀምሩት። መስኮቱ ብልጭ ብሎ ከጠፋ ኤግዜክን ረስታችኋል።

ኡቡንቱ የምትጠቀሙ ደግሞ ፒፕ «ኤክስተርናሊ ማኔጅድ» ብሎ ከከለከላችሁ ቬንቭ ውስጥ ግቡ። ተጭኖ ሲያበቃ «ኤክስሲቢ» የሚል ፕለጊን አልተከፈተም ካለ ሊብኤክስሲቢ-ከርሰር0 የሚባለውን በአፕት ጫኑ፣ ከኪውት 6.5 ጀምሮ እሱ ያስፈልጋል።

ለሌላ ሰው መስጠት

ጎረቤቴ ኮምፒውተር ላይ ፓይተን የለም፣ እንዲጭንም አልጠብቅም። ለዚህ ፓይኢንስቶለር የሚባለውን በዛው በፒፕ ዳውንሎድ መንገድ ፍላሽ ላይ አውርዱ፣ ቬንቩ ውስጥ ጫኑ፣ ከዛ፦

ፓይኢንስቶለር --ዊንዶውድ ፈረሱላ.ፓይ

ዲስት የሚባል ፎልደር ውስጥ የፕሮግራሙ ፎልደር ይወጣል፣ ሙሉውን ነው መገልበጥ ያለባችሁ እንጂ ኢኤክስኢዋን ብቻ ነጥላችሁ ከወሰዳችሁ አትከፈትም። የፎንቱን ፋይልም ራሳችሁ አብራችሁ አስገቡ፣ እሱ በራሱ አይሄድም። ከመስጠታችሁ በፊት ፓይተን ኖሮት የማያውቅ ኮምፒውተር ላይ ከፍታችሁ እዩ፣ 340 ኪሎ አስገቡ፣ 20 ፈረሱላ ካለ ይሰራል።